ቀዩ ብረት እስከታየ ድረስ

ካርቲየ 6 ሰፈር ለሚገኘው የሙቅ ውሃ ሕክምና ማዕከል
ለክቡር ዳይሬክተር ለአቶ ሙሐመድአሚን
ጅቡቲ ከተማ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የወይዘሮ ወርቅነሽ የቀኝ እግር ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ጽሕፈት ቤትዎንም በተለመደው መልካም ቅዝቃዜው ውስጥ እንዲያገኝ ምኞቴ ነው። የፈረንሳይኛውን ቅጂ ሦስት ጊዜ ለጸሐፊዎ ለወይዘሮ ሐዲጃ አስረክቤ ሦስት ጊዜ የመቀበያ ማኅተም ስለተመታልኝ አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ ግልጽ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም። የአማርኛውን በአደባባይ ማውጣቴ ከገንዳዎ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ እዚህ የኖርን ኢትዮጵያውያን ስለሆንን፣ የሆነውን ማወቅም የእኛ ጉዳይ ስለመሰለኝ ነው።

እኔ ከስትሮክ በኋላ ግራ ጎኔ ስለደነዘዘ ሐኪም በሳምንት ሦስት ቀን ገንዳዎ ውስጥ እንድራመድ ያዘዘልኝ ሰው ነኝ። ወይዘሮ ወርቅነሽ የካርቲየ 2 ጎረቤቴ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ለጉልበታቸው ሲሉ ከእኔ ጋር በአንድ ታክሲ ይመጡ ነበር። የታዘብኩትን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በውሃው ውስጥ ያለውን የክሎሪን መጠን ለመለካት የሚያገለግለው ጠብታ ካለቀ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል። የገንዳው ጠባቂ ዘይድ ትጉህ ሰው በመሆኑ ግን ምርመራውን አላቋረጠም፤ በየጠዋቱ ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል፣ ወለሉ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ከታየው መዝገቡ ላይ «ንጹሕ» ብሎ ይጽፋል። በአምስተኛው ሳምንት መስመሩ አልታይ ስላለው ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተ። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ለዚህ ፍጥነት ምስጋና ይገባዎታል። ደማቅ ቀይ ቀለም የተቀባ ረጅም ብረት ወደ ገንዳው ወርዶ በመስመሩ ላይ እንዲጋደም ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው አንድም ቀን «ንጹሕ» ሳይባል አላደረም። የብረቱ ጠርዝ አልተሞረደም ነበር። የወይዘሮ ወርቅነሽን ጣት የቧጠጠው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ የማጣሪያው ሞተር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይጠፋና እስከ ማግስቱ ጠዋት ያርፋል፤ ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ሞተሩን የሚጠብቅ ሠራተኛ አይኖርም። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ ጫቱ የሚመጣው ከአገሬ ነው፣ ድንበር አቋርጦ አንድም ቀን ሳያጓድል በሰዓቱ በመድረሱ ልኮራ ይገባኛል። አዲሱ ክሎሪን ግን ወደብ ላይ ደርሶ እስኪለቀቅ እየተጠበቀ መሆኑን ወይዘሮ ሐዲጃ በትሕትና ነግረውኛል። የወደቡ ክሬኖች ከማዕከሉ ጣሪያ ላይ ይታያሉ።

ሦስተኛ፦ ማዕከሉ ባወጣው ማብራሪያ ላይ የጉዳቱ መንስኤ «ታካሚዋ ከገንዳው ሲወጡ ገላቸውን አለመታጠባቸው» እንደሆነ ተገልጿል። ይህ እውነት ስለሆነ ላስተባብል አልሞክርም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ጠበል ሲጠመቁ ያደጉ ሴት ናቸው፤ የሚፈውስ ውሃ በፎጣ አይጠረግም፣ ገላ ላይ እንዲደርቅ ይተዋል። ሐኪም ያዘዘው ውሃም ለእሳቸው ከዚያ የተለየ አልነበረም፤ ከገንዳው እንደወጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስኪደርቁ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ፎጣዬን ባቀብላቸው «አንተ እንድሪያስ፣ የዋጥከውን መድኃኒት መልሰህ ትተፋለህ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ፎጣዬን ቤት ትቼ እመጣ ጀመር።

ብረቱ ሲቧጥጣቸው አልተሰማቸውም፤ ስኳሩ እግራቸውን ካደነዘዘው ቆይቷል። ቁስሉ መግል መያዝ ሲጀምር ደግሞ ውሃው በሽታውን ወደ ውጭ እያወጣላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ለሐኪም ሳያሳዩ፣ ቀጠሯቸውንም አንድም ጊዜ ሳያጓድሉ፣ አሥራ ሁለት ቀን ተመላለሱ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቁስሉን አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይማርዎት ብዬ ወደ ውሃው ገባሁ።

ስለዚህ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ይህን በጽሑፍ ስላስታወሱን እናመሰግናለን። ከመግባት በፊትና ከመውጣት በኋላ መታጠብ ግዴታ መሆኑን የሚናገረው ማስታወቂያ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ተለጥፏል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ሁለቱንም ቋንቋዎች ይናገራሉ፣ ማንበብ የሚችሉት ግን አማርኛ ብቻ ነው። ቢያነቡትም እንኳ የሴቶቹ ሻወር ከጥር ወር ጀምሮ ውሃ የለውም። ማስታወቂያው የተለጠፈው በዚያው ሻወር በር ላይ ነው።

አራተኛ፦ ወይዘሮ ወርቅነሽ በማዕከሉ ላይ ምንም ቅሬታ የላቸውም። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው ያዘዙኝ፣ ሲሻላቸው ወደ ገንዳው ስለሚመለሱ፣ ነጠላ ጫማቸውን ከልብስ መቀየሪያው አውጥቼ እንዳጥብላቸው ነው። አጥቤዋለሁ። የቀኙንም ጭምር።

ለማኅተሙ፣ ለማብራሪያውና ለቀዩ ብረት ያለኝን ምስጋና እየደገምኩ፣ ግራ እግሬ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እንድሪያስ
ካርቲየ 2
ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የገንዳዎ ተገልጋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገንዳው ይዘጋ ወይስ ሥራውን ይቀጥል የሚለውን ኮሚቴዎ የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንደሚወስን ተነግሮኛል። ለስብሰባው እንዲረዳ ከገንዳው የቀዳሁትን አንድ ጠርሙስ ውሃ ወይዘሮ ሐዲጃ ዘንድ አኑሬያለሁ። የንጽሕናው ነገር የሚያጠራጥረው አባል ቢኖር እጁን ይታጠብበት ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ፎጣ ግን እንዳይቀርብለት። ሐኪሞቹ የወይዘሮ ወርቅነሽ እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቆረጥ አይቆረጥ እንደሆነ የሚወስኑት ማክሰኞ ነው።