በጥላ የሚያብበው ነጭ አበባ

ሞላሌ፣ ጥቅምት ፲፱፻፺፫ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለትርሲት፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬና እኔ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ከኮሶው ጥላ የተከልሁት ነጭ አበባ ዘንድሮም ከሥሩ ታድሶ አበበ። እጮኛዬ ምስክር «ለጎጇችን ይሆናል» ብሎ ግማሹን ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደ። «ቀየት ያለው ግቢህ ዛፍ የለውም፤ ፀሐይ ያቃጥለዋል» ስለው፣ «እሺ የኔታ! የምተክልበት ደጅ ጥላ አለው» ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን መውረዱን ከሰው ሰማሁ። አንቺም እዚያው ደብረ ብርሃን የተከራየሽውን ቤት ደጅ ትልቅ ጽድ እንዳጠለለው ጽፈሽልኝ ነበር።

እማዬ የሠርጉን ቀን ቁረጡ ትላለች፤ እኔ ግን አስቀድሜ የአንቺን ደብዳቤ እጠብቃለሁ።

ሥሩን በጥልቀት አትቅበሪው፤ አፈሩም እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት አጠጪው።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

እህትሽ ውባየሁ