አልወርድ ያለኝ ሦስት ኪሎ

ሚያዝያ 20 ቀን 1957፣ ረቡዕ

ባሌ ማረው ኑግ ሊገዛ አንበሳሜ ገበያ ሄደ። እሱ ሲወጣ መጋዘኑን ከፍቼ የጆንያው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሰባ አንድ። በሰሙነ ሕማማት ስድሳ ዘጠኝ ነበርሁ እኮ! ፋሲካ ከዋለ ገና ሦስት ቀኑ... የት የት ነው የሚገባው?

ሐኪሙ ያለኝ ስድሳ ስምንት ነው። አምና በጥቅምት ልጄ ሞቶ ተወለደ፤ እኔም አንቀጥቅጦኝ ለጥቂት ተረፍሁ። ጎንደር ስንሄድ ሐኪሙ «የደምሽ ግፊት ከፍ ብሏል፤ ክብደትሽም በዝቷል። ስድሳ ስምንት ሳትደርሺ፣ ደርሰሽም ሳትቆዪበት ብታረግዢ ልጁም አንቺም አትተርፉም» አለኝ። ማረው አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙውን አራግፌዋለሁ። ይኸ የመጨረሻው ሦስት ኪሎ ግን እንደ ዘመድ እንግዳ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ከሰዓት አማቴ እሜት እናኑ ከይፋግ መጡ። ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው። ገና ከበር «ልጄ፣ ከስተሽብኝ! ሰው ምን ይለኛል? ደረቅ መሬት ያበቅላል?» አሉ። ለመውለድ መክሳት አለብኝ፤ እሳቸው ደግሞ የከሳች አትወልድም ይላሉ። ማን ያስታርቀን?

ሚያዝያ 27

ዛሬም ረቡዕ ነው፤ ዛሬም ሥጋ። ሃምሳው እስኪወጣ ረቡዕ ዓርብ የለም። ጾም በሌለበት አገር «አልበላም» ምን ተብሎ ይባላል? «ጠገብሁ» ስል እሜት እናኑ በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ላይ ደቀኑ። ጎረስሁ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን። ማረው አቀርቅሮ ይበላል። አንድ ቃል ቢናገርልኝ ምን ነበረበት!

ግንቦት 1

ልደታ። መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን፣ ዳቦውን... ከየቤቱ ካልቀመስሽ ቅያሜ ነው። ቀመስሁ። የጎረቤቴ የጸሐይነሽ ልጅ፣ ያ ትንሹ አበረ፣ እቅፏ ውስጥ ሆኖ የኔን ቀሚስ ይስባል። እጁን አላቀቅሁና ተነሣሁ።

ማረው ማታ ተቆጥቶ ገባ። ገበያ ላይ አንዱ «ሚስትህ አለቀች፤ ኑጉን ሸጠህ ለማን ነው የምታበላው?» ብሎታል። እኔ ላይ ጮኸ። ሰውየው ላይ መጮህ ነበረበት።

ግንቦት 16

ሰባ ሁለት። እንግዲህ ሦስቱ አራት ሆነ። ሚዛኑን ብረግጠው ደስ ይለኛል... ረግጨዋለሁ ለነገሩ።

የነፍስ አባቴ መምሬ መንግሥቴ ዘንድ ሄድሁ። ጾም ይዘዙልኝ አልኋቸው። ምክንያቱንም አልደበቅሁም። እያዘኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሃምሳው ጾም የለም ልጄ። ደግሞም ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ለወገብ አይደለም።» እሳቸውም እንዲህ ካሉ እንግዲህ ወዴት ልሂድ?

ሰኔ 7

ጰራቅሊጦስ ትናንት አለፈ። ተመስገን! የሰኔን ጾም ያዝሁ። እሜት እናኑ ልጾም መሆኔን አስቀድመው ሰምተው ከይፋግ ድረስ መጡ። «የሰኔ ጾም የቄስ ነው! አንቺ መቼ ቀሰስሽ?» አሉና ወተት ቀዱልኝ። ቆመው አስጠጡኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ተሻረ።

ሰኔ 9

ዋሸሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለነፍስ አባቴ ዋሸሁ።

ጾም ለነፍስ ነው ካሉ ኃጢአት ይዤ ልሂድ ብዬ ነው። መንገድ ላይ ኃጢአት ስመርጥ... ስርቆት? የማንን? ሐሜት? ለሐሜትማ ቀኖና ቢሰጥ ወረታ በሙሉ ጾሞ ባለቀ። መጨረሻ ላይ «የጸሐይነሽን ልጅ ተመኘሁ። ስታጠባው ባየሁ ቁጥር የእኔ ከሞተ የእሷ ለምን ኖረ አልሁ» አልኋቸው። ለማለት ያህል ነበር። ግን ስናገረው እንባዬ መጣ። ለካ እውነት ኖሯል!

መምሬም «እስከ ፍልሰታ ፍቺ ጹሚ። እህል ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይግባ። መኝታም ከማረው ለዪ። ማታ ማታ ስገጂ» አሉኝ።

የፈለግሁትን አገኘሁ። ታዲያ ለምን አለቀስሁ?

ሰኔ 16

ጥጋብ የሌለበት ሰላም! «ቀኖና ላይ ነኝ» ስል የተዘረጋ እጅ ሁሉ ይመለሳል። ቅቤውም ጉርሻውም። «ያስፈጽምሽ» ይላሉ። እሜት እናኑ እንኳ ተዉኝ። ለካ ይችን አንዲት ቃል አጥቼ ነው ስሰቃይ የከረምሁት። ስግደቱ ጉልበቴን ቢያምመኝም ወገቤን አቅልሎኛል።

ሰኔ 28

ስድሳ ዘጠኝ ተኩል።

ጸሐይነሽ አጥር ላይ ሆና «ኧረ አንቺ አገኘሁሽ፣ ምን አጥፍተሽ ነው እንዲህ የከበደብሽ?» ብላ ሳቀች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነበር። እንዳላየሁ ሆኜ ገባሁ። ምን ልበላት?

ሐምሌ 6

የሰኔው ጾም ትናንት ተፈታ። እኔ አልፈታሁም። ማረው ምሳ ላይ እንጀራውን ገፋ።

«ሰው ሁሉ ፈቷል። አንች ለምን ትጾሚያለሽ?»

«ቀኖና ነው አላልሁህም?»

«የምን ኃጢአት?»

«ለክብደቴ ነው። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

«ለክብደት ንስሐ የገባ ሰው ሰምቼ አላውቅም! መኝታ የለየሽውም ለክብደት ነው?»

መሶቡን ከደንሁ። ውሽማ አላት ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አየሁት። እውነቱን ልንገረውስ? በሕፃን ቀናሁ ማለት እኮ በዚህ አገር ቡዳ ነኝ ማለት ነው። ልጁን ጉንፋን ቢይዘው በእኔ ነው። ብናገር ቡዳ፣ ብደብቅ ሴሰኛ... በገዛ እጄ የሠራሁት አጥር፤ በሩን ግን ረሳሁት።

ሐምሌ 11

ማረው መምሬ ዘንድ ሄዶ ጠይቋል። «የሰማሁት ከእኔ አይወጣም» ብለውታል። ይኸ አባሰበት። ጋቢውን ይዞ እናቱ ቤት ይፋግ ሄደ። በዝናብ።

ሐምሌ 23

የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው። ማረው አልመጣም። እኔም አልሄድም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብቻዬን በርበሬ የነካው ሽሮ... ለሁለት ሰው ሠርቼ ኖሯል ዛሬ። ሞኝ!

ነሐሴ 4

የጸሐይነሽን ልጅ ንዳድ ያዘው።

ብሄድና ቢሞት... ዓይኔ ነው የገደለው ቢሉስ? ባልሄድ «ለምን ቀረች?» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ለቅሶውን እሰማለሁ። አምላኬ፣ ያን ቃል አፌ ነው ያለው፣ ውሰደው። ልጁን ተወው። እኔ ከዚህ ወዲያ ቅቤ በጆንያ ብበላም ግድ የለኝም፣ ተወው ብቻ።

ነሐሴ 7

ከጤና ጣቢያ ኪኒን አመጡለት። ላብ ወጣው፣ ጡት ጠየቀ። ሩጬ ሄጄ የጸሐይነሽን ጉልበት ይዤ አለቀስሁ። «እሰይ፣ ድኗል እኮ! ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ልጁን አቀበለችኝ። ያዝሁት። ከባድ ነው፣ እሰይ።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ትናንት ተፈታ። ቀኖናዬ አለቀ። ስድሳ ስምንት። ልክ ስድሳ ስምንት! ሚዛኑ ላይ ቆሜ ለማን ልንገረው ብዬ ዞር አልሁ። ጆንያ ብቻ ነው ያለው።

ነሐሴ 24

ማረው ሁለት ጆንያ ኑግ ሊያወጣ መጣ። ገና ከበር «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል፤ እንለያያለን ወይም እንታረቃለን» አለኝ። ከስቷል እሱ ራሱ። መቼም እናት ቤት ሆኖ መክሳት...

ከዚህ በላይ አልቻልሁም። «ቁጭ በል» አልሁት። «ኃጢአቴን እነግርሃለሁ። ለእናትህ ከነገርህ አለቀልኝ፤ ግን እነግርሃለሁ።» ነገርሁት። አበረን እንደተመኘሁት። እንደዋሸሁና ውሸቱ እውነት ሆኖ እንዳገኘሁት።

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «እኔም» አለ። «እኔም እሱን ልጅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ለአንች ግን መናገር ፈራሁ።» ስንት ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ቀበርነው! ሁለታችንም አለቀስን። መቼም ኑጉን ሳይጭን ነው የሄደው።

ነሐሴ 30፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ አያ ካሴ «ንስሐ የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ አንጠይቅም። ተስማምታችኋል?» አሉ። ተስማምተናል አልን። ዕርቁ በማዕድ ይታሰራል። እሜት እናኑ ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ ሠርተው መጥተዋል። በሽማግሌ ፊት ጠቀለሉ፤ ጭብጥ የሚያህል። «ይኸን ካልጎረስሽ አልታረቅሁም በይ» አሉ እጃቸውን ወደ አፌ ዘርግተው።

ሁሉም አየኝ። ዕርቅ ላይ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። አፌን ገጠምሁ። «እሜቴ፣ ስሞትልዎ... ልጄን የቀበርሁት ወፍሬ ነው። ሌላ መቅበር አልችልም» አልሁ። እጃቸው አልተመለሰም። አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነገሩ ሊበላሽ ነው አልሁ።

ማረው ብድግ አለ። ጎንበስ ብሎ ያን ጉርሻ ከእናቱ እጅ በአፉ ተቀበለ። ጉንጩ አልበቃው ብሎ ወጡ በአገጩ ወረደ። «የእሷ ጉርሻ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው» አለ፣ አፉ ሞልቶ። አያ ካሴ በሳቅ ፈነዱ። እሜት እናኑ አልሳቁም፤ ግን ሁለተኛውን ወደ እሱ አዞሩት።

ጥቅምት 19 ቀን 1958

ጎንደር ሄድን። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ። «ደግ ነው። እስከ ጥምቀት ድረስ ከቆየልሽ ልጅ ቢመጣ አትከልክሉት» አለ። ማረው ስንወጣ መንገድ ላይ ያፏጫል። ሰው ያየናል ብለውም እንቢ አለኝ።

ታኅሣሥ 30

ገና ትናንት ዋለ። ስድሳ ስምንት! ማረው ግን ቀበቶው አልደርስ ብሎታል። የሦስት ቤት ጉርሻ በልቶልኛል። ገበያ ላይ «የማረው ሚስት ባልዋን አሳመረችው» ይባላል አሉ። እኔን ማንም አያነሳኝም፤ ጎሽ!

መጋቢት 3

ሁዳዴ ከገባ ወር ሊሞላው ነው። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ለልማዱ። ስድሳ ዘጠኝ ተኩል።

ወረድሁና እንደገና ወጣሁ። ስድሳ ዘጠኝ ተኩል። በሁዳዴ የወፈረ ሰው አለ? ምንም አልበላሁ፤ እንዲያውም ሰሞኑን ሽሮው ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል... እዚያው ሚዛኑ ላይ ቁጭ አልሁ። ገባኝ።

ፈራሁ። ያ ማንቀጥቀጥ፣ ያ ዝም ያለ ጨቅላ ፊቴ ላይ መጣ። ማረውን ጠራሁት። ቁጥሩን አየ፤ እኔን አየ። «ሰኞ ጎንደር እንሂድ» አለ። ሲስቅ ደግሞ ድምፁ የለም፤ እንባ ብቻ።

ለእናቱ እስኪታይ ድረስ እንዳይነግር አስማልሁት። ካወቁ ዛሬውኑ ጾሜን ያስፈቱኛል።