ከሰማንያ ደቂቃ ወዲያ

ማክሰኞ

አልገባም። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ ጀማል የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረና ቀዩን ጽሑፍ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። ባዶ ሲዲ የሚይዘው ሰማንያ ደቂቃ ነው፤ አባዬ ከመሞቱ በፊት በካሴት የተናገረው ሰማንያ ሁለት። በሕይወቱም እንዲሁ ነበር፤ ዋናው ወሬ የሚመጣለት እንግዳው ኮቱን ለብሶ ሲነሳ ነው።

ሰማንያው ደቂቃ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ሞተችው በቅሎውና ስለማይወዳቸው የቀበሌ ሊቀመንበሮች ነው። የመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ግን ስለ ቤቱ ናት፤ እናታችሁን በሕይወት እስካለች ማንም ከዚህ ቤት እንዳያስወጣት ይላል። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ደግሞ ቤቱን ሸጦ እማዬን እሱ በሚኖርባት ኢተያ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ሊያስገባት አስቧል። ለዘመድ ሁሉ "ቤቱን አባዬ በቃሉ ሰጥቶኛል" ብሏል። ቅዳሜ የአባዬ ሙት ዓመት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቃሉን በጆሯቸው ሰምተው ሊወስኑ ነው።

ካሴቱ? ጀማል ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ እንደጨረሰ ተበጠሰ። "ዕድሜው ነው" አለ፣ እኔን እያየ።

ረቡዕ

ከሽማግሌዎቹ ዋናው ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ የአባዬ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ከስልክ ብናሰማዎትስ አልኳቸው።

"ስልክ አላምንም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። የልጄ ልጅ እኔ ራሴ ቻይንኛ ስናገር ስልኩ ላይ አሳይቶኛል። ድምፁ የኔ ነው። ቻይንኛ አላውቅም።"

ስለዚህ በሲዲ፣ ሲዲም በሚያጫውተው በእማዬ ቴፕ፣ ሳይቆረጥ ይሁን አሉ። ሲዲው ሲሠራም እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩ። ሲዲ ከስልክ በምን እንደሚታመን አልጠየቅሁም፤ መልስ እንዳይኖራቸው ፈራሁ።

ማታ ታምራት ደወለ።

"ሰማንያ ደቂቃ ለአንድ ገበሬ ይበቃዋል" አለኝ።

"የትኛው ይቅር? በቅሎዋ?"

"እንግዲያው ሁለት ሲዲ አድርጊዋ፣ ምን ያጨቃጭቃል?"

በዚህ ቤት ጥንድ የነበረ ዕቃ ሁሉ ሁለተኛው ያለው ኢተያ ነው። ሁለተኛው ፍራሽ፣ ሁለተኛው የጋዝ ሲሊንደር፣ የአባዬ ሁለተኛ ካፖርት። ሁለተኛ ሲዲ አይኖርም አልኩት።

"አንቺን ያበላሸሽ መጽሐፍ ማንበብ ነው።"

"አንተን ያበላሸህን እስካሁን አላገኘሁትም" አልኩና ዘጋሁበት። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ መሆን አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም የማይነካውን የኮምፒውተር መጽሐፍ ሁሉ ለብቻዬ አነባለሁ። አንዱ እንደሚለው፣ ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ ሲዲው ጠርዝ ላይ ትንሽ ትርፍ ቦታ ይተዋል። ማስጠንቀቂያውን እሺ ብሎ ያለፈ እዚያ ድረስ ይጽፋል። አንዳንዱ ሲዲ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ይበላሻል።

"ማሽኔ ቢቃጠልስ?" አለ ጀማል።

"ስንት ሠርግ ችሎ በሁለት ደቂቃ አይሞትም።"

ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻው ላይ ተበላሸ። ቀጣዩም። ጀማል ሁለቱን በሩ ላይ ሰቀላቸው፤ ለወፍ ማስፈራሪያ ይሆናሉ አለ፤ እኔን ለማለት ይሆናል። ከዚያ ከመደርደሪያ ጥግ አቧራ የጠገበ ሌላ ዓይነት አወጣ። ገባ። ሁለቱም ደቂቃ ገባ።

ኦቦ ቱፋ ሌላ ቃል እንዳይፈጠርበት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ይጥፋ አሉ። አፌን ሳልከፍት ጀማል አጠፋው። በሕይወቱ ፈጥኖ የሠራት ሥራ ይህች ብቻ ናት።

"ጠርዙን እንዳትነኪ" አለኝ ሲሰጠኝ። "ሲዲ ከመሐል ጀምሮ ጠርዝ ላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ቅባት የነካው ጣት ከሄደበት አባትሽ ይንተባተባል።"

ቅዳሜ

ሲዲውን እኔ ላስገባ ስል አጎቶቼ ተቃወሙ፤ የአባት ቃል በታላቅ ልጅ እጅ ነው የሚቀርበው አሉ። ታምራት ከዶሮ ወጡ ላይ ተነሳ። እጁን አልታጠበም። ሲዲውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በአምስቱም ጣቱ፣ እንደ እንጀራ ጠቅልሎ ያዘው። ያውቅ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም። ጀማል ግን የኢተያን ሠርግ ሁሉ የሚቀርጸው በእሱ አገናኝነት ነው።

የአባዬ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ዋጉ አለፈ። በቅሎዋ ሞተች፤ ሰው አለቀሰላት፣ ለአባዬ ከተለቀሰው በላይ። ከዚያ፦

"እናታችሁን በሕይወት እስ… እስ… እስ…"

"በቃ፣ አልቋል" አለ ታምራት።

እማዬ ከጥጓ ተነሳች፣ ጥቁሯን እንደለበሰች። "ሲናገር አጠገቡ ነበርኩ። ልጨርስለት?" ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። "በሕይወት እስካለች ማንም ከዚህ ቤት እንዳያስወጣት። ከእሷ በኋላ ቤቱ ያስታመመችኝ የሰናይት ነው።" ብላ ተቀመጠች።

"ሰምተናል" አሉ ኦቦ ቱፋ። መረቁ። አለቀ።

ሰናይት እኔ ነኝ። ያን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስሜ የለበትም። እማዬን ግን አላረምኳትም። ታምራትም ሰምቶታል፤ ግን የእኔ ስም የለበትም ለማለት፣ ቤቱ ለእሱም እንዳልተሰጠ መስማቱን ማመን ነበረበት።

እሁድ

ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጠረግሁትና ብቻዬን አጫወትኩት። ጥርት ብሎ እስከ መጨረሻው ሄደ። "ማንም ከዚህ ቤት እንዳያስወጣት። በቃ፣ ዝጉት።" ይኸው ነው።

ታምራት ደወለ። አዲስ አበባ ሲዲ የሚያጸዳ ባለሙያ አግኝቷል፤ ነገ መጥቶ ሊወስደው ነው። ኦቦ ቱፋም እንደገና ብንሰማ አይከፋም ብለዋል።

ለእማዬ ነገርኳት። የሐዘን ልብሷን ዛሬ አውልቃ ከዓመት በኋላ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። "አምጪው" አለች። ጸጉሯን ዳበሰችና አውራ ጣቷን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረች።

"ቅቤ ይጠረጋል፣ እማዬ።"

አሰበች። "በቅሎዋ ያለችው መሐሉ ላይ ነው?"

"አዎ፣ መሐሉ ላይ ናት።"

"የማይጠረገው ምንድነው ታዲያ?"

 ጥርሱ ሲዲ የሚጭረው የቤቱ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ አጠገብ ነበር። እሱንም ሲዲውንም ከፊቷ ሳላነሳ ወደ ጓዳ ገባሁ።