የቅዳሜ ምሽቱ ቢላ ወርዋሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሥራ አልበዛም። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ኮት በፌስታል ይዘው ገቡ። ጥቁር፣ ደረቱ በሚያብለጨልጭ ፈርጥ የተሞላ። "ወገቡን ታሰፊልኛለሽ?" ሲሉ ድምፃቸውን ለየሁት። እሱ ነው... የቅዳሜ ምሽቱ ቢላ ወርዋሪ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በቅዳሜ ምሽቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሌሎቹ ይዘፍናሉ፣ ያስቃሉ። እኔ የምጠብቀው እሱን ብቻ። ሴትዮዋ ሰሌዳ ተደግፋ ትቆማለች፣ እሱ ዙሪያዋን ቢላ ይሰካል። አንዱም አይነካትም። ታላቅ ወንድሜ "ባልሽ መጣልሽ" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ አድጌ እዚያ ሰሌዳ ላይ እንደምቆም ቅንጣት አልጠራጠርም።

ሲወጡ በሩ አጠገብ ያቆምኳትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት "ደህና ዋይ" አሏት። ሳቄ መጣ። አሁንም ቀልደኛ ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ኮቱን ሊለኩት መጡ። ቁልፉን አዛብተው ቆለፉት፣ አስተካከልኩላቸው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ለምሥረታ በዓሉ ጋብዟቸዋል። በቀጥታ ስርጭት።

"ሰሌዳው ላይ የምትቆመዋስ ጋሼ?"

"እምቢ አለች። አርጅቻለሁ አለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ቁመትሽ ልክ የሷ ነው" አሉ።

እሺ አልኩ። ሳላስብ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ለወንድሜ ነገርኩት።

"አብደሻል እንዴ?"

"እጃቸው አይንቀጠቀጥም።"

"ስለ እጃቸው ማን አወራ? ሐሙስ ከሱቅሽ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ደረጃውን በእግራቸው እየዳሰሱ ነው የወረዱት።"

ቀንቶ ነው... አይደለም፣ በምን ይቀናል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20



ልምምዱ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነበር። የመጀመሪያዋ ቢላ ከራሴ በላይ ተሰካች። ሁለተኛዋ የሻርፔን ጫፍ ከሰሌዳው ጋር ሰፋችው። "ሆን ብዬ ነው፣ አይዞሽ" አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው የሚያወሩት ከእኔ ጋር አልነበረም። በስተግራዬ ካለው ግድግዳ ጋር ነበር።

ሻርፑን ከአንገቴ ፈታሁት። ትንፋሼን ውጬ ከሰሌዳው ወረድኩ። ቆሜ አየኋቸው።

ሦስተኛዋን ወረወሩ። አንገቴ የነበረበት ቦታ ላይ ገባች።

"ጋሼ... አልችልም" አልኳቸው። ደንግጠው ወደ ድምፄ ዞሩ። "መቼ ወረድሽ?"

ከዚያ ለመኑኝ። "ለማንም እንዳትነግሪ። ሌላ ሰው አላጣም።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ኮቱን ላደርስ ጣቢያው ሄድኩ። የመልበሻ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ተወዛዋዥ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከንፈሯን ትቀባለች። ሰሌዳው ላይ የምትቆመው እሷ ነች። ደስታዋ... ፊቷን ማየት አቃተኝ። በሩን ዘጋሁና "እህቴ፣ ሰውየው አያዩም" አልኳት። ሳቀች። ቢላ የበሳውን ሻርፔን አሳየኋት። መሳቋን ተወች።

ማታ ስርጭቱን ከወንድሜ ጋር ቤት ሆነን አየን። ልጅቷ የለችም። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሴት ሥለዋል። ሁለት ቢላዎች የሥዕሏ ፊት ላይ ተሰኩ። አንዱ ሆዷ ላይ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ዓላማው መሃሏን መምታት መስሎታል። 

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ጠዋት ደወሉ።

"ለልጅቷ የነገርሻት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ጭብጨባውን ሰምቻለሁ" አሉ። "ዙሪያዋን አልሳትኩም፣ አይደል?"

መዋሸት ቀላል ነበር።

"ሁለቱ ፊቷ ላይ ነው ያረፉት።"

"መጥተሽ ቢላዎቹን ውሰጂልኝ። እቤት ካሉ እጄ አያርፍም።"

ሄጄ ወሰድኳቸው። ሊሸኙኝ ክንዴን ይዘው እስከ ደጅ ወጡ። ልጅ ሆኜ ያ እጅ እንዲይዘኝ ስንቴ ተመኝቻለሁ። ቀዝቃዛ ነው። መንገዱ ጋ ስንደርስም አልለቀቀኝም።