ጠፋ ያልኩት ሕመም

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ማኅተሙን አልመታልኝም።

ጋሽ ማቴዎስ የሐኪሙን ወረቀት ሁለቴ አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። የቀበሌያችን የጤና መድን ጉዳይ በእሱ እጅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም እሱው ነው። እዚህ ሚዛን ከተማ አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ መቀመጡ አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ግን ከየትኛው ወንበር ሆኖ እንደሚያየኝ ጠፋኝ።

ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና መድኑ አይሸፍንም ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። መልሱን በመንገድ ሳጠና ነው የደረስኩት። ጡቴን የማስቀንሰው ለመቆንጀት አይደለም፤ ወገቤ አለቀ፤ ትከሻዬ ተቦረቦረ፤ የጣቶቼን መደንዘዝ ሐኪሙ ራሱ ጽፎታል። ይህን ሁሉ ልለው። እሱ ስለ ውበት ትንፍሽ አላለም።

«አስቴር፣ እኔ አልከለከልኩሽም» አለኝ። «በጉባኤ ፊት ጠፋ ያልሽውን ሕመም እኔ በማኅተም ልመልሰው?»

እውነቱን ነዋ።

ባለፈው ወር እንግዳ ወንጌላዊ መጥቶ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻዋ ላይ ሸክም ያለባት እህት እዚህ አለች አለ። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ወጣሁ። እጁን ሲጭንብኝ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ሙቀት ወረደ፤ እውነቴን ነው፣ ቀለለኝ። ማይኩን ይዤ ዳንኩ አልኩ። እልልታው ቀለጠ። እማዬ አለቀሰች። ሰዉ በስልኩ ቀረጸኝ።

በማግስቱ ስነሳ ሕመሙ እንደ ከብት በረቱን አውቆ ገብቷል። ለማን ልናገር? እማዬ መዳኔን ገበያ ለገበያ አውርታ ጨርሳ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ነው ሐኪም ቤት የተመላለስኩት።

ጋሽ ማቴዎስ እስከ በር ሸኘኝ። እሑድ ተነስቼ አልዳንኩም ካልኩ ሰኞ ይመታልኛል። በጉባኤ የተባለ በጉባኤ ይነሳል አለ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጅማ ገብቼ አልጋ መያዝ አለብኝ፤ ረቡዕ ነው ቀዶ ሕክምናው። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። ያለ መድኑ ደግሞ የስፌት ማሽኔን ብሸጠውም የትም አያደርሰኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዝናብ። መብራት የለም። ደግነቱ ማሽኔ የእግር ነው።

የመዘምራኑን ልብስ እየሰፋሁ ዋልኩ። ሰማያዊ ሳቲን፣ የሚያዳልጥ ክፉ ጨርቅ። ክር ማስገባት አቃተኝ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ጣቶቼ ናቸው መርፌ መያዛቸውን የረሱት። ትንሿ ጣቴና ቀለበት ጣቴ የሌላ ሰው መስለዋል። ሐኪሙ፣ ከቆየ ላይመለስ ይችላል ብሎኛል። ጣት የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ተብላ ትጠራለች?

የሚያመኝ፦
ጠዋት አንገቴ።
ከሰዓት ትከሻዬ፣ ማሰሪያው የቆፈረው ቦይ። የሱቁ ጡት መያዣ ስለማይችለኝ ከሸራ ጨርቅ ራሴ ነው የምሰፋው።
ሲሞቅ ከጡቴ ሥር ቆዳው ይላጣል። ቆላው ቴፒ ዩኒፎርም ልሰፋ የወረድኩ ሰሞንማ አይነሳ።
ሁልጊዜ፣ የሰው ዓይን።

እህት ዘነበች መጣች፣ የሴቶች ኅብረት መሪያችን። ቀሚስ ልታሳጥር። ቀሚሱ አጭር ነው፤ ገባኝ። ወሬው ከቢሮው ወጥቷል ማለት ነው።

ቴፒ አንዲት እህት ነበረች አለችኝ። ተፈወስኩ ብላ መስክራ፣ ሰው ሳያውቅ ሄዳ ቢላ ሥር ተኛች። በማደንዘዣው እንደተኛች ቀረች። ስሟን ጠየቅኳት፤ አታውቀውም። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን? አታውቅም። ሕመሟስ? የሆድ መሰለኝ አለች። ጠዋት ላይ መሞቷን ግን ታውቃለች። የለበሰችውንም ነገረችኝ። ወሬ እግር እንጂ ስም የለውም ብዬ ልስቅባት ፈለግኩ፤ ሳቁ አልመጣልኝም።

«ፈውሱን የጣለ ሰው፣ ሕመሙ ሰባት ሆኖ ነው የሚመለስበት» አለችኝ። እጄን እየደባበሰች ነው ይህን ያለችኝ።

እሷ ከወጣች በኋላ መቀሱ ከጠረጴዛው ወደቀ። በጫፉ ጣውላው ላይ ተተክሎ ቆመ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ለማንሳት ግን እጄ ዘገየ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ለእማዬ ነገርኳት።

ጎደሬ እየላጠች ነበር። ሳልጨርስ ቢላዋዋ ቆመ። ትከሻዬን ገልጬ አሳየኋት፤ አታውቀው ይመስል። አየችና ፊቷን አዞረች። እኔን በስንት ጾም ጸሎት ነው የወለደችኝ። ከእኔ በፊት የተፀነሱት ሁሉ እየወረዱ፣ ዘመድ ወደ ጠንቋይ ሲጎትታት እምቢ ብላ፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተንበርክካ። ስለዚህ የኔ መዳን ለእሷ ወሬ አይደለም፣ ቤቷ የቆመበት ምሰሶ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው የተናደድኩት።

«ለጌታ የሰጠሽውን ክብር በሰው ፊት ልትቀሚው ነው?» አለችኝ።

እኔም፣ ጌታ የኔን ውሸት ክብር ብሎ ይቀበላል ወይ አልኳት። ጎደሬዋን አንስታ መላጥ ቀጠለች። እየላጠች፣ ስትወልጂስ ምን ታጠቢያለሽ አለች። ማጥባት ላይቻል እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ይህን አልነገርኳትም። አንድ ቀን ለአንድ ሐዘን ይበቃል።

ከሰዓት ከቴፒ አንድ ወንድም ደወለ። ቪዲዮዬን አይተውታል፤ ለጉባኤያቸው መጥቼ እንድመሰክር ይፈልጋሉ። አሞኛል አልኩት። እንደምትድኚማ እናውቃለን ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሱቁን ዘግቼ ተንበረከኩና ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እሑድ ጠዋት ቀሎኝ ከነቃሁ ጅማ አልሄድም አልኩ። ከልቤ ነው። ብድን ደስታዬ ነው፤ ቢላ የሚናፍቅ ማን አለ?

እሑድ፣ ሰኔ 8

ስነቃ ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ የለም። በግራው አንስቼ ደረቴ ላይ አስቀመጥኩት። መልሴን አገኘሁ ብዬ ተነሳሁ።

እማዬ ቀድማኝ ሄዳለች። አብረን ያልሄድንበትን እሑድ አላስታውስም።

ጉም መስኮቱ ድረስ ወርዶ ነበር፤ በጄኔሬተር ነው ፕሮግራሙ የተመራው። ምስክርነት ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። መሪው ፈገግ ብሎ ማይኩን ሰጠኝ፤ ሌላ ፈውስ መስሎት። አንዷ ከወዲሁ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት።

«ያን ቀን ቀሎኝ ነበር፤ አልዋሸሁም» አልኩ። «ጠዋት ግን ተመለሰ። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ነው ውሸቱ። አሁንም ያመኛል። ረቡዕ ጅማ እታከማለሁ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ። ተጨማሪ ልናገር ነበር፤ ስለ ጣቶቼ፣ ስለ መርፌው። መሪው ማይኩን በቀስታ ከእጄ ወሰደና ዘማሪዎቹን ተመለከተ። ጀመሩ። እኔ ቆሜ እያለሁ ጀመሩ። ወደ ቦታዬ ስመለስ አግዳሚው ላይ ሰዉ ገለል አለልኝ፤ ከሚገባው በላይ ሰፊ ቦታ። ጋሽ ማቴዎስ አንገቱን ደፍቷል።

እማዬ መጽሐፍ ቅዱሷን ብብቷ ሥር አድርጋ በጓሮ በር ወጣች። ጃንጥላዋን እንኳ ትታው።

ጃንጥላውን ይዤላት መጣሁ። በሩ ላይ አስደገፍኩት። ቤት ውስጥ አለች፤ አታናግረኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

መታልኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ቃሉን ጠበቀ። ወረቀቱን ግን በእጄ አልሰጠኝም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረው። እሱም እንቅልፍ ያገኘ አይመስልም። ከእንግዲህ ያለው በአንቺና በጌታ መካከል ነው አለኝ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን ይባላል? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስመለስ እህት ዘነበች ሱቄ በር ላይ ቆማለች። የመዘምራኑን ጨርቅ ልትወስድ። ግማሹ ተሰፍቷል፣ ግማሹ በስፒል ተይዟል። እንዳይወጋሽ አልኳት። እጥፍጥፍ አድርጋ በፌስታል ከተተችው። ዛሬ ስለ ቴፒዋ ሴት ምንም አላነሳችም። ከደጃፉ ስትወርድ፣ እንጸልይልሻለን አለች፤ ለቀብር እንደሚባለው ባለ ድምፅ።

ለወትሮው ሰኞ ሰኞ ጎረቤት እየመጣ እዚህ ሱቅ ይቀመጣል። ዛሬ ማንም አልመጣም።

ጅማ መሄጃው በሆነው የቦንጋ መንገድ ላይ አፈር ተንዷል ይላሉ። ተከፍቷል የሚልም አለ። ነገ መናኸሪያ ሄጄ አየዋለሁ።

ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ሁለት የሌሊት ልብስ፣ ሳሙና፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ ይህ ደብተር። ከፊት የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ ለራሴ ሰፋሁ፤ ከቁስሉ በኋላ የምለብሰው። ደረቴን ልለካ ስል ቆምኩ። ለሰው ሁሉ ደረት ስለካ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። በግምት ቆረጥኩት።

እማዬ እራት አቀረበችልኝ። ያቺ የቴፒዋ ሴት እናት ነበራት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ጅማ ደርሻለሁ። አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ እማዬ በር ላይ ቆማለች። የክት ነጠላዋን ለብሳለች፣ ቡትስ ጫማ አድርጋለች፣ የተቀቀለ ጎደሬ በጨርቅ ቋጥራለች። የት ነው አልኳት።

«ከአንቺ ጋር» አለች። «ብትሞቺም ብቻሽን አትሞቺም።»

አለቀስኩ። ከእሑድ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም። እሞታለሁ ብላ አምናለች፤ አምና ነው የመጣችው። እንዲህ ያለውን ፍቅር ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም።

መናዱ እውነት ነበር። መኪናው ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጭቃውን በእግሩ ተሻገረ። ጭቃው ሲውጠኝ እማዬ በብብቴ ይዛ ጎተተችኝ። ቁልቁል ገደሉ በጉም ተሸፍኗል፣ ውሃው ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ከማዶ የጠበቀን ሌላ መኪና ሾፌር፣ ዛሬ ማታ ዳግም ይናዳል፣ ጊዜ የሰጣችሁ እናንተ ናችሁ አለን። እማዬ ይህን ሰምታ ወደ ኋላ አየች። የተሻገርነውን እያየች ብዙ ቆመች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ምንም አልበላሁም፤ ከልክለውኛል። አፌ ደርቋል። ሐኪሙ መጥቶ በእስክሪብቶ ደረቴ ላይ መስመር አሰመረ፣ እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደማሰምረው። የሚቆረጠውን አየሁት። ልብስ ቢበላሽ ይፈታል።

ፈርቻለሁ። በደንብ ፈርቻለሁ። የቴፒዋ ሴት ስም የላትም፣ ምናልባትም አልነበረችም፤ ሆኖም ዓይኔን ስጨፍን የማያት እሷን ነው። ዘነበች የነገረችኝን ልብስ ለብሳ።

ነርሷ መጥታ የቀረ ነገር ልትመዘግብ ጠየቀችኝ። ዕድሜ፣ ያለብኝ በሽታ፣ የምወስደው መድኃኒት። ከዚያ፣ ሕመሙ መሃል ላይ ትቶሽ ያውቃል ወይ አለች። እማዬ አጠገቤ ናት፤ የትኛውን እንድመልስ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል፣ ፈውሱን አንዴ መካድ ይበቃኛል።

እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። አማርኛዋ እንግዳ ሰው ፊት ይጠፋባታል፤ በቤት የምናወራው በቤንችኛ ነው። ዛሬ ቃል በቃል፣ ቀስ እያለች ተናገረች።

«ጡት ካወጣች ጀምሮ ነው። አንድም ቀን አልተዋትም።»

ነርሷ ጻፈችና ሄደች። እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች። አላየችኝም፤ የደነዘዘውን እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታሻለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው አልኳት። የሐኪሙ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ አለችኝ።

የሚገፋው አልጋ መጣ። ደብተሩን እሷ ትይዝልኛለች።