ያልተጫወትኩት ጨዋታ ከመዝገቤ እንዲሰረዝልኝ

ኦስተርዚል
ኦገስት 4 ቀን 2025

ለክልሉ እግር ኳስ ማኅበር
የተጫዋቾች ምዝገባና ዝውውር ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ማርች 23 ቀን 2025 ተጫውታለች ተብሎ የተመዘገበብኝ ጨዋታ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ቶምከ ሃርምስ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በኦስተርዚል ስፖርት ክለብ በተከላካይነት ስጫወት ቆይቻለሁ። ባለፈው ወር በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ብሬመን ከተማ ሥራ ይዣለሁ። እዚያ ያለ፣ ከእኛ ሦስት እርከን ከፍ ብሎ የሚጫወት የሴቶች ቡድንም ፈትኖ ተቀብሎኛል። የመክፈቻ ጨዋታው ኦገስት 24 ነው። ክፍልዎ ግን እስከ ሴፕቴምበር 23 መሰለፍ እንደማልችል በደብዳቤ አስታውቆኛል።

1. የቀድሞ ክለቤ መልቀቂያ አልሰጠኝም። ሊቀመንበሩ አቶ ፎልከርት ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ቶምከ፣ ከሴቶቹ የቀረሽልን አንቺ ብቻ ነሽ። ለአንቺ ፈረምኩ ማለት ቡድኑን በእጄ ቀበርኩ ማለት ነው» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። መልቀቂያ የሌላት ተጫዋች ከመጨረሻ ጨዋታዋ ጀምሮ ስድስት ወር ትጠብቅ የሚለውንም ደንብ አልቃወምም። የምቃወመው የመጨረሻ ጨዋታዬ የተባለውን ቀን ነው።

2. በእውነት የተጫወትኩት የመጨረሻ ጨዋታ የኖቬምበር 3 ቀን 2024ቱ ነው። ከዚያ ብርዱ ገባ፤ አምበላችን ኢምከ ወለደች፤ ሁለቱ እህትማማቾች ለትምህርት ሄዱ፤ የቀሩትም በስልክ ለምጽፍላቸው መልስ መስጠት ተዉ።

3. በማርች ውድድሩ ሲቀጥል፣ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት የአሰላለፍ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «እመጣለሁ» ያለችኝ በረኛችን ፌንያ ብቻ ሆና ሳለ የአሥራ አንዳችንንም ስም ጽፌ አጸደቅሁ። ሰው ስሙን ከዝርዝር ላይ ሲያይ እንዴት ይቀራል ብዬ ነበር።

4. እሑድ ጠዋት የሜዳው ጠባቂ አቶ ኦኖ መስመሩን በኖራ አስምረው ጠበቁኝ። «ሰዎቹስ?» አሉ። «ይመጣሉ» አልኳቸው። «ባሕሩ እንኳ ከዳርቻው ሸሽቶ በቀን ሁለቴ ተመልሶ ይመጣል፤ የአንቺዎቹ አንዴም አልመጡ!» ብለው ሳቁብኝ። ተጋጣሚዎቻችን አሥራ ሦስት ሆነው ደረሱ። «ሁለት ብቻ ናችሁ እንዴ? በሉ አራት እናበድራችሁ!» አለች አምበላቸው። ከሰባት ያነሰ ቡድን መጫወት ስለማይችል ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ፤ በደንቡም 0ለ5 ተፈረደብን። በእኛ እርከን ዳኛ ስለማይመደብ ቅጹ ላይ «አልተካሄደም» የሚለውን መምረጥ የእኔ ድርሻ ነበር። እጄ እምቢ አለኝና ተውኩት። ክፍልዎ ውጤቱንና ስሜን አይቶ ተጫውታለች ቢል አይፈረድበትም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለፌንያ ጥቂት ኳሶች መትቼላታለሁ፤ ያ ግን እንደ ጨዋታ ይቆጠራል ብዬ አላምንም።

5. ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ዳኛ ለማይላክባቸው ጨዋታዎች እንድደርስ ለሴፕቴምበሩ የዳኝነት ሥልጠናም ተመዝግቤያለሁ። ከማርች ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ በተለመደው የልምምድ ሰዓት ሜዳ እገኛለሁ፤ ኳሷን ከግድግዳው ጋር እቀባበላለሁ። ማሊያ የማጠብ ተራው የእኔ ስለነበር አሥራ አራቱም ታጥበውና ተጣጥፈው እኔ ዘንድ ናቸው። የሚረከበኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ የማርች 23ቱ ጨዋታ እንዳልተካሄደ ተመዝግቦ ስሜ እንዲሰረዝልኝ፣ የጥበቃ ጊዜዬም ከኖቬምበር 3 ተቆጥሮ ሜይ 3 ማብቃቱ ታውቆ፣ ከኦገስት 24 በፊት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የአቶ ኦኖንና የፌንያን የምስክርነት ቃል አያይዣለሁ።

አንዲት ነገር ልጨምር። ቅጹ ከመሰረዙ በፊት አንድ ቅጂ በፖስታ ይላክልኝ። ለክርክር አልፈልገውም። ከኖቬምበር ወዲህ አሥራ አንዳችንም አንድ ላይ የተገኘነው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ውሳኔዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፊርማ
ቶምከ ሃርምስ