አባዬ የጠጣው ባሪየም

ለወንድሜ ለራሚሮ፣ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ቱሰን ሙቀቱ ካላቀለጠን ደህና ነን።

አባዬ ማክሰኞ ራጅ ሊነሳ ሄዶ ነበር። ነርሷ ለራጁ የሚጠጣውን ነጭ ባሪየም በኩባያ ሰጥታ «ቀስ ብለው ይዋጡት አባቴ» ስትለው፣ «አርባ ዓመት በቴሌስኮፕ ከኮከቦች ላይ የፈለግሁትን አንቺ በኩባያ ትሰጪኛለሽ?» ብሎ አሳቃት። ለመጨረስ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

ራጁን ራሴ ልየው አለ። ታውቀዋለህ፣ ፎቶ ካየ ሳያብራራ አይለቅህም። ያን ቀን ግን አንዴ አየውና ባርኔጣውን አደረገ።

መኪና ውስጥ «ባሪየም ከየት ይመጣል?» አልኩት፤ ስንቴ ነግሮናል፣ እንዲያወራልኝ ብዬ ነው።

«ካረጁ ግዙፍ ኮከቦች ሆድ ነዋ! ሲያረጁ ያብጣሉ፤ እዚያ ያበሰሉትን ሁሉ ለሰማዩ ይበትናሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝናብ መጣ፤ መስኮቱን ዝጊው ዴልፊና።»

ሰማዩ ላይ አንድ ዳመና አልነበረም።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ለመስከረም ብታደርገው ደስ ይለኛል። ቴሌስኮፑ ያለበት ተራራ ላይ ሲሠራ ይለብሰው የነበረውን ካፖርት አብሬ ልኬልሃለሁ። «ለራሚሮ ይሁን፣ እኔን ሰፍቶኛል» ብሎ ራሱ ነው ያጠፈው።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ ዴልፊና